የሚቀረው ሰው ሥራ

(ፍራንክፈርት፣ ጊንሃይም ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ። ሳሎኑ መሀል ሁለት ኮፈሮች፣ ትላልቅ የጉዞ ሻንጣዎች፣ አፋቸውን ከፍተው ተጋድመዋል። የሰባ አንድ ዓመቱ ጡረተኛ ረታ አዲሱን የተራራ ጫማውን እንዳጠለቀ ምንጣፉ ላይ ይንጎራደዳል። ሚስቱ ተናኘ ከሥራ መግባቷ ነው። ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አሉ፤ አንዱ የምሥራች ነው፣ ሌላው አይደለም። ከቀትር ጀምራ እንዴት ብላ እንደምትነግረው ስታሰላስል ውላለች። በሩን ከፍታ እግሯን ስታስገባ ግን ሁለት ዘንግ ጠለፋት፤ “ይሄ ዱላ የማን ነው?” ማለቷ ብቻ በቃ።)

ረታ፦ ዱላ አይደለም አልኩሽ!

ተናኘ፦ እሺ፣ አይደለም።

ረታ፦ “እሺ” አትበይኝ። ሰው ሳይገባው እሺ ሲል ደሜ ይፈላል።

ተናኘ፦ ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሰው ይመረኮዝበታል። ምን ልበለው ታዲያ?

ረታ፦ የተራራ ምርኩዝ። ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ንዝረት ይውጣል።

ተናኘ፦ ሁለት ነው እኮ።

ረታ፦ የሚያዘው ሁለት ነው!

ተናኘ፦ እኛ አገር ሁለት ምርኩዝ ለያዘ ሰው ምጽዋት ይሰጡታል።

ረታ፦ እኛ አገር ተራራ የሚወጣ ሰው አልነበረማ።

ተናኘ፦ እኔ ትምህርት ቤት የምሄደው ተራራ ወጥቼ ነበር።

ረታ፦ ለዚህ ነዋ አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥሽው።

ተናኘ፦ (ካፖርቷን እያወለቀች) አዎ። ምርኩዝ ስላልነበረኝ። ረታ፣ ስማኝማ፣ ልነግርህ የፈለግሁት ነገር…

ረታ፦ ቆይ! መጀመሪያ ኮፈሩ። ጋቢሽን አውጥቼዋለሁ።

ተናኘ፦ ለምን?

ረታ፦ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። መዝኜዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ኤርፖርት ውስጥ ሻንጣ ጭኛለሁ፤ ሐበሻ ሚዛን ላይ ሁሌ የሚዋረደው በጋቢ ነው።

ተናኘ፦ በቦታውስ ምን አስገባህ?

ረታ፦ ኦክስጅን።

ተናኘ፦ ምን?

ረታ፦ በጣሳ። ሁለት ጣሳ። ቤርገር ሽትራሰ ጎዳና ላይ የተራራ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ እዚያ ነው ያገኘሁት።

ተናኘ፦ (ጣሳውን አንስታ ታወዛውዘዋለች) ባዶ ነው።

ረታ፦ አየር ነዋ!

ተናኘ፦ ጋቢዬን አውጥተህ አየር ከተትህ።

ረታ፦ ከፍታ ነው የኔ እመቤት! ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል። ራስ ይዞራል፤ ሰው ይቃዣል፤ የማይሆን የማይሆነውን ያወራል።

ተናኘ፦ እሱስ እዚህም… (ትተወዋለች) አውሮፕላን ላይ ይፈቀዳል ይሄ?

ረታ፦ ሠላሳ ዓመት ስጭን አንድም ጣሳ ፈንድቶብኝ አያውቅም።

ተናኘ፦ ለመሆኑ ከፍታው ስንት ነው?

ረታ፦ (መጽሐፉን ይገልጣል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ) ሺምላ! ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር! ይታይሽ!

ተናኘ፦ አንተ የተወለድክበት ጉለሌስ?

ረታ፦ ጉለሌን ምን አመጣው?

ተናኘ፦ ስንት ሜትር ነው ብዬ ነዋ።

ረታ፦ እሱ እንግዲህ… ሁለት ሺህ አምስት መቶ ምናምን።

ተናኘ፦ እናትህ ሲያምጡ ኦክስጅን በጣሳ ይዘው ነበር?

ረታ፦ (መጽሐፉን ይዘጋል) የሒማላያ ሜትር ሌላ ነው።

ተናኘ፦ ሌላ?

ረታ፦ ይከብዳል። የሳይንስ ጉዳይ ነው፤ አንቺ አይገባሽም።

(ተናኘ በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳሯ “አይገባሽም”ን ከ“እንደምን አደርሽ” ይልቅ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ፈታች። ፕሮይንገስሃይም ባለው የአረጋውያን ቤት ሦስት ፎቅ ስትወለውል ስለዋለች እግሯ አብጧል። አለቃዋ የሦስት ሳምንት ኡርላውብ ፈቅዳላታለች፤ እንዲህ የተያያዘ ዕረፍት ስታገኝ ከስድስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሒማላያን የመረጠው እሱ ነው። ለሷ የትም ቢሆን ግድ አልነበራትም። የምትፈልገው አንድ ቦታ ቁጭ ብላ፣ ማንም ሳያስረዳት፣ አንድ ነገር ማየት ነው።)

ተናኘ፦ እስቲ ድገምልኝ፤ የምንሄደው ምን ልናይ ነው?

ረታ፦ መቶ ጊዜ ነገርኩሽ! እንግሊዝ ህንድን ሲገዛ በጋው አቃጠለው። አፍንጫው ተላጠ። ሲብስበት ሽቅብ ሸሸና ተራራው አናት ላይ ከተማ ቆረቆረ። ሺምላ፣ ሙሱሪ፣ ዳርጂሊንግ። የሙቀት መሸሻ ከተሞች ናቸው።

ተናኘ፦ እኛ በጥቅምት ከፍራንክፈርት የምንሸሸው የቱን ሙቀት ነው?

ረታ፦ እይታውን ነው የምንፈልገው፣ እይታውን! ጠዋት ስትነሺ፣ ከመስኮትሽ ሥር ጉም።

ተናኘ፦ ጉም።

ረታ፦ ከዚያ ጠመዝማዛ መንገድ። በአንድ በኩል ተራራ፣ በአንድ በኩል ገደል።

ተናኘ፦ ገደል።

ረታ፦ መንገድ ዳር በቆሎ እሸት በከሰል እየጠበሱ ይሸጣሉ። በቅሎዎች ጭነት ተሸክመው ያቃስታሉ። ዝንጀሮው ደግሞ ጣራ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሽና መነጽርሽን ይነጥቅሻል።

ተናኘ፦ ረታ።

ረታ፦ አቤት።

ተናኘ፦ ይሄ እኮ ጣርማ በር ነው።

ረታ፦ ምን?

ተናኘ፦ ጉሙ፣ ገደሉ፣ እሸቱ፣ በቅሎው፣ ዝንጀሮው። የተወለድኩበት አገር ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በነፃ እያየሁት “መቼ ነው ከዚህ የምገላገለው?” ስል ነው ያደግሁት።

ረታ፦ ያ ችግር ነው። ይሄኛው ቱሪዝም ነው።

ተናኘ፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ረታ፦ አስጎብኚ አለው።

ተናኘ፦ (ራሷን ትነቀንቃለች) እንግዲህ አስጎብኚ ካለው።

ረታ፦ ደግሞም ጀርመንኛ ይናገራል። ደልሂ ኤርፖርት ድረስ መጥቶ ግሩፑን በሙሉ ይቀበላል።

ተናኘ፦ አንተ ታዲያ ዝም ብለህ ልትሰማው ነው?

ረታ፦ ሲሳሳት አርመዋለሁ።

ተናኘ፦ ህንድ ሄደህ አታውቅም እኮ።

ረታ፦ ሻንጣውን አውቀዋለሁ! ሠላሳ ዓመት! የደልሂ ሻንጣ በገመድ ይታሰራል፤ ዙሪያው ላይ የባለቤቱ ስም ሦስት ቦታ ይጻፍበታል። ጥንቁቅ ሕዝብ ነው። አገርን ማወቅ ከፈለግሽ ሻንጣውን አንሺው።

ተናኘ፦ የኛን አገር ሻንጣስ ምን ብለህ አወቅኸው?

ረታ፦ አይዘጋም።

(ተናኘ ሳታስበው ሳቀች። ሲያስቃት ደግሞ ትወደዋለች፤ ችግሩ ይሄ ነው። እጇን ወደ ካፖርቷ ኪስ ሰደደች።)

ተናኘ፦ ረታ፣ የቪዛው ነገር…

ረታ፦ ጥሩ አነሳሽው! ዛሬስ ኢሜይልሽን አየሽ? የኔ ሳጥን ስለሞላ ነው እንጂ የሁለታችንንም ባንቺ አድራሻ አላስገባውም ነበር።

ተናኘ፦ አይቻለሁ። እሱን ልነግርህ ነው…

ረታ፦ አትንገሪኝ። ፊትሽ ነግሮኛል። ችግር መጥቷል።

ተናኘ፦ መጥቷል።

ረታ፦ አላልኩም? ፎርሙን እኔ ልሙላልሽ ስልሽ እንቢ አልሽ። መቼ ተወለድኩ ብለሽ ሞላሽ?

ተናኘ፦ ጃንዋሪ አንድ።

ረታ፦ (ጭኑን እየመታ ይስቃል) ጃንዋሪ አንድ! የስደተኛ ልደት! አንቺ የነበርሽበት የስደተኞች ሃይም ውስጥ ስልሳ ሁለት ሐበሻ በአንድ ቀን ተወለደ። ጸሐፊዋ “እናንተ አገር ሴቶች የሚወልዱት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው?” ብላ የጠየቀችው እውነቷን ነው።

ተናኘ፦ ቀኑን አላውቀውማ። እናቴ “በረዶ ገብሱን የመታው ሳምንት ነው” አለችኝ። ፎርሙ ላይ ለበረዶ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

ረታ፦ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ የጊዮርጊስ ለት፣ አርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት።

ተናኘ፦ ያንተም ፓስ ጃንዋሪ አንድ ነው የሚለው።

ረታ፦ የጸሐፊው ጥፋት ነዋ!

ተናኘ፦ ስለ አሥራ ሦስቱ ወር አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኸው። ራስህ ነህ የነገርከኝ። ጳጉሜ ላይ ስትደርስ ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ረታ፦ ሰነፍ ነበር! በሱ ስንፍና አርባ ዓመት የሰው ልደት ተሸክሜ ኖርኩ። በየዓመቱ ሰው ሁሉ ርችት ተኩሶ ሲተኛ እኔ የመድኃኒት ቤቱ “እንኳን ተወለዱ” የሚል ካርድ ይደርሰኛል። ስለዚህ እዚህ ፎርም ላይ ስደርስ “ይብቃ!” አልኩ። እውነቱን ጻፍኩ።

ተናኘ፦ ምን ብለህ?

ረታ፦ ሜይ አንድ! ወደ ፈረንጅ ቀን ስመልሰው ሜይ አንድ ወጣ። የዓለም ሠራተኞች ቀን! እንደኔ ላለ ታጋይ የሚገባው ልደት ይሄ ነው።

ተናኘ፦ ፓሱ ጃንዋሪ እያለ?

ረታ፦ ፓስ ወረቀት ነው። እኔ ሰው ነኝ።

ተናኘ፦ እኔ ደግሞ ቪዛው የሚሰጠው ለፓሱ ይመስለኝ ነበር።

ረታ፦ እዚህ ላይ ነው የማታስቢው!

ተናኘ፦ ዳኒኤላም እንደዚያው አለችኝ። አብራኝ የምትወለውለዋ። ምሳ ሰዓት ላይ ስንሞላ “አታስቢ፤ ፓሱ ላይ ያለውን አንድ ባንድ ገልብጪ” አለችኝ። ገለበጥኩ።

ረታ፦ አለማሰቡስ ላንቺ አይከብድሽም።

ተናኘ፦ አይከብደኝም።

(ወረቀቶቹን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ያዘች፤ ግን አላወጣቻቸውም። ከቀትር ጀምሮ ያስፈራት ይሄው ነበር። ዝም ብላ ብትነግረው “እንግዲያው ሁለታችንም እንቀራለን” ይላል። ከዚያ ሦስቱን ሳምንት ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ለምን እንዳልሄዱ ያስረዳታል። ሳታየው ያለቀው ዕረፍቷ ፊቷ ድቅን አለ። ስለዚህ በሌላ በር ገባች።)

ተናኘ፦ ረታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ምናልባት የአንዳችን ቪዛ መጥቶ የአንዳችን ቢቀርስ?

ረታ፦ (አጠገቧ ይቀመጣል፤ ድምፁ ይለሰልሳል) ተናኘዬ። ይህን ጥያቄ ፈርተሽው ነበር፤ አይደል?

ተናኘ፦ በጣም።

ረታ፦ እንግዲህ እንደ ትልቅ ሰው እንነጋገር። በረራው ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው። ትኬቱ አይለወጥም። አዲስ ማመልከቻ አይደርስም። ወረቀቱ የተስተካከለለት ሰው ይሄዳል፤ ያልተስተካከለለት ይቀራል።

ተናኘ፦ የሚሄደው ብቻውን?

ረታ፦ ግሩፕ አለ፣ አስጎብኚ አለ። ሕፃን እንኳ አይጠፋም።

ተናኘ፦ ለቀረው ብሎ መቅረት የለም?

ረታ፦ አንድ ሰው ጉድጓድ ስለገባ ሌላው ለምን ይገባል? ትዳር ማለት ይሄ አይደለም።

ተናኘ፦ የቀረውስ አይከፋውም?

ረታ፦ ሥራ ይኖረዋላ! ሥራ የያዘ ሰው ለመከፋት ጊዜ የለውም። ወረቀት አምጪ።

ተናኘ፦ አንተው ጻፈው። የኔ ጽሕፈት አይነበብም።

(ረታ መነጽሩን ያደርጋል። ከላይ በትልቁ “የሚቀረው ሰው ሥራ” ብሎ ይጽፍና ሁለቴ ያሰምርበታል።)

ረታ፦ አንደኛ፣ አበቦቹ። በየሁለት ቀኑ። አቅጣጫቸውም ይዟዟር፤ ፀሐይ እንዳታዳላ።

ተናኘ፦ እንዳታዳላ።

ረታ፦ ሁለተኛ፣ ደረጃው። የሚቀጥለው ሳምንት የትሬፐንሃውሱ ጽዳት ተራ የኛ ነው። ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት፣ በእርጥብ ጨርቅ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ጥጋጥጉን በጣቷ ዳብሳ ነው የምታየው።

ተናኘ፦ የሚቀረውን ሰው ወገቡን ቢያመውስ?

ረታ፦ እንዲህ ልትዪ እንደምትችዪ አውቄ ነበር። (ይጽፋል) “ወገብ ሰበብ አይሆንም።” ሦስተኛ… (ብዕሩን ያነሳል) የጥቅምት መድኃኔ ዓለም።

ተናኘ፦ የማኅበሩን ተራ መልከጼዴቅ ይቀበለናል አላልክም?

ረታ፦ ሁለታችንም ከሌለን ነዋ! ቤት ውስጥ ሰው እያለ ተራ ማሳለፍ ነውር ነው። ሃያ አራት ሰው። ዶሮ።

ተናኘ፦ ሽንኩርቱ?

ረታ፦ አሥር ኪሎ። በእጅ ይከተፋል። በማሽን የተፈጨ ሽንኩርት ወጡን ያመርረዋል።

ተናኘ፦ ከሬስቶራንት ማዘዝስ?

ረታ፦ የመድኃኔ ዓለምን ማኅበር? ማኅበርተኛው ሰይፈ ገብርኤል በአንድ ጉርሻ ነው የሚያውቅብሽ! (ይጽፋል) “በገዛ እጅ።” ዶሮውም እንደ ደንቡ ይበለት።

ተናኘ፦ ብልቱ ስንት ነበር?

ረታ፦ ይሄን የማያውቅ አለ?

ተናኘ፦ የለም።

ረታ፦ በይ እንግዲህ።

ተናኘ፦ ረታ፣ እንዲያው ለነገሩ… የሚቀረው ወንድ ቢሆንስ? ሕጉ ያው ነው?

ረታ፦ (ተነሥቶ ይቆማል) ለማን ነው ይሄ ጥያቄ? በስድሳዎቹ “የሴቶች እኩልነት!” ብሎ ጮኾ ለታሰረ ሰው? ሕግ ጾታ የለውም! (ይጽፋል) “ለሁለቱም እኩል።”

ተናኘ፦ ፈርምበታ።

ረታ፦ (ይፈርማል) ያው። ቀኑንም ጽፌዋለሁ፣ በሁለቱም አቆጣጠር። አንቺም ፈርሚ።

(ተናኘ ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል ስሟን ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን ወስዳ ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ለጠፈችው። ተመልሳ ተቀመጠች።)

ተናኘ፦ አሁን የቪዛውን ልንገርህ።

ረታ፦ አይዞሽ። ማልቀስም ከፈለግሽ አልቅሺ። ፎቶ እልክልሻለሁ።

ተናኘ፦ (ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች) ቀትር ላይ መጡ፤ ዳኒኤላ አተመችልኝ። ይሄኛው ተፈቅዷል የሚለው ነው።

ረታ፦ የኔ።

ተናኘ፦ ስሙን አንብበው።

(ረታ ያነባል። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል። እንደገና ያነባል። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ያያል፤ ጀርባው ባዶ ነው።)

ረታ፦ ተሳስተዋል። ፎቶው ያንቺ ነው።

ተናኘ፦ ፎቶው የኔ ነው። ስሙም የኔ ነው። ጃንዋሪ አንድም የኔ ነው። ይሄኛው ደግሞ ያንተ። “የልደት ቀኑ ከፓሱ ጋር ስላልገጠመ አልተፈቀደም” ይላል።

ረታ፦ እውነቱን እኮ ነው የጻፍኩት!

ተናኘ፦ እውነትህን ነው። ምን ታደርገዋለህ፣ ፓስ አይገባው።

ረታ፦ መቼ ልትነግሪኝ ነበር?

ተናኘ፦ ከገባሁ ጀምሮ። ዱላው ቀደመኝ፣ ከዱላው ኮፈሩ፣ ከኮፈሩ ፊቴ።

ረታ፦ እደውልላቸዋለሁ! አስረዳቸዋለሁ! አንድ ዓመት አሥራ ሦስት ወር እንዳለው…

ተናኘ፦ አስረዳቸው። ጳጉሜ ላይ ሳትደርስ እኔ ተመልሼ እመጣለሁ።

(ተነሣች። ሁለቱን ጣሳ ከኮፈሯ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመቻቸው፤ በቦታቸው ጋቢዋን አጥፋ ከተተች። ኮፈሩ ተዘጋ።)

ረታ፦ የምርሽን ነው? ብቻሽን? ሒማላያ?

ተናኘ፦ ሕፃን እንኳ አይጠፋም ብለሃል።

ረታ፦ ያንን ያልኩት እኮ…

ተናኘ፦ ማን ይሄዳል ብለህ ነው ያልከው?

(ረታ ዝም ይላል። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ዝም ሲል ተናኘ ሦስት ጊዜ ነው ያየችው፤ ሁለቱ ጥርስ ሲነቀል ነው። አሳዘናት። ኮፈሩን ግን አልከፈተችውም።)

ረታ፦ ከፍታውስ? ኦክስጅኑን እንኳ ያዢ።

ተናኘ፦ ላንተ ይሁን። ደረጃው አራት ፎቅ ነው፤ አየሩ ይሳሳል።

ረታ፦ እዚያ ማን ያስረዳሻል ተናኘ?

ተናኘ፦ ጉሙ።

ረታ፦ ጉም ምን ያውቃል?

ተናኘ፦ ምንም። ዝም ይላል።

(ረታ በተራራ ጫማው ድም ድም እያለ ወደ ማቀዝቀዣው ይሄዳል። የራሱን ጽሕፈት ለረጅም ጊዜ ያነባል። ጣቱን ሦስተኛው ላይ ያሳርፋል። ፊቱን ሳያዞር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል።)

ረታ፦ ተናኘ… የዶሮው ብልት… አሥራ ሦስት ነው አይደል?

ተናኘ፦ ዶሮው አሥራ ሁለት ነው፣ ረታ። አሥራ ሦስት ያለው ዓመቱ ነው።